የአብርሃ ሁለት ጎታቾች

ቆርቆሮው ለሁለት ተሰንጥቋል። ሰውየው የተገኘው እስከ ወገቡ ኩሽናው ውስጥ ገብቶ፣ ከወገቡ በላይ ጣሪያው ላይ ተንጋሎ፣ ነጭ ናይለን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው። የእሪ በከንቱ ሰፈር ብዙ ጉድ አይቷል፤ ከሰማይ የወረደ ሰው ሲቀበል ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

መቶ አለቃ ምብራት ሐጎስ ቁልቁለቱን ወርዳ ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ሰፈርተኛው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን ያያል።

«ሞቷል?» አለች።

«ነፍሱ አለች። እግሩና ጎድኑ ግን እንጃ።» አስር አለቃ እሸቴ የአራዳ ልጅ ነው፤ ሬሳ ፊትም ቢሆን አፉን መግታት አይሆንለትም። «ሊሞቱ የነበሩትስ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሽሮ እያማሰሉ ጣሪያው ቢከፈት ቅዱስ ሚካኤል መስሏቸው ‹ትንሽ ቀን ጨምርልኝ› አሉት።»

«እሸቴ!»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ እሳቸው ናቸው ያሉት።»

ምብራት ቀና አለች። ከአፋፉ ላይ፣ ፒያሳ ጫፍ፣ ተጀምሮ የቀረው ረጅም ፎቅ ቁልቁል ያያታል። ገደሉ ሲጨመርበት ከፍታው እጥፍ ይመስላል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ መጋቢት 24 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። የሜይ ዴይ በዓል ኮሚቴ አንድ ሰው ከዚያ ፎቅ ላይ ቀይ ባንዲራ ይዞ በፓራሹት እንዲዘል ወስኖ፣ ዛሬ ማለዳ ልምምድ ነበር። ዘላዩ አብርሃ ይባላል፤ የቀድሞ አየር ወለድ፣ አሁን የወጣቶች ፓራሹት ክበብ አሰልጣኝ ነው። ኮሚቴው ወንበር ተደርድሮለት ሲያይ አብርሃ ሮጦ ዘለለ። ፓራሹቱ መከፈቱን ተከፈተ፤ ግን ዘግይቶ፣ ቆርቆሮው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው።

ምብራት ፓራሹቱን አስጠቅልላ ወደ ጣቢያ ተመለሰች። ሻለቃ አባይነህ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«አሻጥር ነው» አላት፣ ሰላምታዋን ሳይመልስ። «ልጅቷን ይዘናታል።»

«የትኛዋን ልጅ?»

«ጨርቁን የሰፋችውን። ፒያሳ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ወርቅአፈራሁ ትባላለች። ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ የተወሰደ ነው። ከትናንት በስቲያ ከአብርሃ ጋር ስትጨቃጨቅ ‹ትሞታታለህ!› ስትለው ጎረቤት ሰምቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ማስረጃ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«እሱን ደህንነቶች ያወጡላታል። ከሰዓት በኋላ መኪና ይልካሉ።»

ያ መኪና ጭኖ የሄደውን ሰው ምብራት ሲመለስ አይታ አታውቅም። «መኪናው እስኪመጣ ጉዳዩ የእኔ ነው?» አለች።

«እስኪመጣ ድረስ።» ሻለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺም ተጠንቀቂ። ዘላዩ አብርሃ፣ ጓደኛው ሐዱሽ፣ መርማሪዋ ምብራት። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ የትግራይ ስም ድርድር ሰው ያስወራል።»

ምብራት ሰላምታ ሰጥታው አለፈች። 

*

ወርቅአፈራሁ ከሥራዋ ላይ ስለተያዘች መለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ጫፉን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«‹ትሞታታለህ› ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ጎታቿን ጨርቅ ሦስት ጊዜ አስፈታኝ። ትንሽ ናት፣ አስፊያት ይለኛል። ሳሰፋት አሁንም ትንሽ ናት ይለኛል። ‹ልትዘል ነው ወይስ ለሠርግህ ዳስ ልትጥል?› ብለው ሳቀብኝ። ሲስቅ ጊዜ ተናደድሁ። ከፎቅ ለሚዘል ሰው ምን ይባላል? በሰላም ግባ?»

«ምንሽ ነው?»

ልጅቷ ሜትሩን መጠቅለል ተወች። «ገና ምንም አልተባባልንም።»

ምብራት ስለዚህ ሌላ አልጠየቀችም። ልትወጣ ስትነሳ ወርቅአፈራሁ፣ «ይድናል?» አለቻት።

«አላውቅም።»

«ይሁን፣ አላውቅም ይሻላል። እዚህ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ያነጋገረኝ ሁሉ ሁሉንም ያውቃል።»

*

ፓራሹቱ ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል። የአብርሃ የክበብ ባልደረባ ሐዱሽ አጠገቡ በርከክ ብሎ፣ ከረጅም ጥብጣብ ጫፍ ላይ የታሰረች፣ ከሰፌድ ብዙ የማትበልጥ ጨርቅ አነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጎታች የምንላት ይህች ናት» አለ። «ዋናው ፓራሹት ብቻውን ከቦርሳው አይወጣም። ይህች ነፋስ ይዛ ትጎትተዋለች። ሰው ከአውሮፕላን ሲዘል ፍጥነት ስላለው ትንሽ ጎታች ይበቃዋል። እንዲያውም ትልቅ ካደረገ አከፋፈቱ አጥንት ይሰብራል። ከፎቅ ሲዘል ግን ፍጥነትም የለው፣ ጊዜም የለው። ትልቅ ጎታች በእጁ ይዞ፣ እግሩ እንደተነሳ መወርወር አለበት። ትልቋን ያሰፋነው ለዚህ ነው።»

«ይህችስ?»

«ትንሿ ናት። የአውሮፕላኗ።»

«ትልቋ የት አለች?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፣ መቶ አለቃ። ትናንት ጠዋት በገዛ እጄ አስሬ በቦርሳው የውጭ ኪስ ውስጥ ከትቻታለሁ። ትንሿ በጎን ኪስ ለመጠባበቂያ ነበረች።»

«ከዚያስ ቦርሳው የት ሄደ?»

«አብርሃ ማንም አይንካው ብሎ ቤቱ ወሰደው። አፍንጮ በር፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው።»

ምብራት ዓይን ዓይኑን አየችው። «እሱ ባይዘል ማን ነበር የሚዘለው?»

«እኔ።»

«እሱን ሲመርጡት ምን ተሰማህ?»

«ተናደድሁ። ሁለት ቀን አላናገርሁትም።» ሐዱሽ አንገቱን አልደፋም። «ዛሬ ግን ከታች ሆኜ በጨርቅ ነፋስ ሳሳየው ነበር። ኮሚቴው በሙሉ አይቶኛል። ቢያምኑኝም ባያምኑኝም ይኸው ነው።»

ከግቢው ሲወጡ እሸቴ በክርኑ ነካ አደረጋት። «አገኘነው በይኛ! ቅናት፣ እውቀት፣ አጋጣሚ። ማታ ሾልኮ ገብቶ ቢቀይራትስ? ልጅቷን እንፍታና እሱን እናስገባው፤ ሻለቃውም ባዶ እጁን አይቀር።»

«ትንሿ ጎታች ለፎቅ እንደማትሆን ማን ነገረህ?»

«ሐዱሽ።»

«እሱ ባይነግረን ኖሮ አንተ ታውቅ ነበር? እኔ አውቅ ነበር? የቀየራት እሱ ቢሆን ኖሮ ‹ይህችው ናት› ብሎ ዝም ይል ነበር። ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

እሸቴ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔስ ልጅቷን መፍታቱን አስቤ ነው» አለ።

*

አብርሃ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እናቱ ወይዘሮ ትብለጽ ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው ተቀምጠዋል። ከአድዋ መጥተው አፍንጮ በር ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ አማርኛቸው የሰፈሩ ሆኗል። ምብራት ስሟን ስትነግራቸው ግን ቀና ብለው «ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እማማ፣ የአብርሃ ቦርሳ ትናንት እቤት ነበር?»

«ነበር።»

«ሰው ነክቶት ይሆን?»

«የመንግሥት ዕቃ ማን ይነካል?»

«እርስዎስ?»

«ወገቤን አሞኝ ውዬ። ካልጋዬም አልወረድሁ።»

«ቤት የመጣ ሰው ነበር?»

«ማንም አልመጣ።»

ምብራት ጥያቄዋን እስኪጠይቁ ጠበቀች። ልጁ የተጎዳበት እናት ሁሉ የሚያስቀድመው አንድ ጥያቄ አለ፤ ማን ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገብኝ? ወይዘሮ ትብለጽ አልጠየቁም። የቀዶ ሕክምናውን በር ብቻ ያያሉ።

ነርሷ የአብርሃን ዕቃ በካኪ ከረጢት አድርጋ አመጣች። ሰዓቱ፣ ቀበቶው፣ የተቀደደ ሱሪው፣ የወታደር ጫማው። ምብራት ጫማውን ብድግ አድርጋ አየችው። የቀኙ እስከ ላይ ድረስ በማሰሪያ ተጠፍሯል። የግራው ማሰሪያ የለውም።

«ስትቆርጡት ጥላችሁት ይሆን?» ስትል ነርሷን ጠየቀች።

«ጫማውን አልቆረጥነውም። የግራው ስስበው በቀላሉ ወለቀልኝ፤ ገርሞኝም ነበር።»

እሸቴ ትከሻውን ሰበቀ። «ሲወድቅ ተፈቶ ይሆናላ።»

«ስድስት ሰባት ቀዳዳ ውስጥ የተጠላለፈ ማሰሪያ በመውደቅ አይወጣም፤ ሰው ነው የሚያወጣው። አየር ወለድ ደግሞ ጫማው ተፈቶ አይዘልም። የመዝለያው ሰዓት ደርሶ ለሌላ ነገር ቸግሮት ነው የመዘዘው።»

«ለምን ነገር?»

«እላይ ወጥተን እንየዋ።»

«ሊፍት አለው?» አለ እሸቴ፤ መልሱን እያወቀ።

*

የፎቁ ደረጃ መደገፊያ የለውም። ከታች ያለው ዘበኛ አብርሃ ማለዳ ብቻውን እንደወጣ፣ ከእሱ በኋላም ማንም እንዳልወጣ ምሎ ነገራቸው። ፖሊሶቹ የወደቀበትን እንጂ የተነሳበትን አላዩም። ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ ነበር የሮጠው።

አናቱ ላይ ነፋሱ ሸሚዟን ያርገበግበዋል። ከበታቿ የእሪ በከንቱ ጣሪያ ተነባብሮ ይታያል፤ ከዝገቱ መሃል አንድ ጥቁር ቀዳዳ አለ። ምብራት ዳር ዳሩን አየች። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ የእርግብ ኩስ። ሌላ ምንም የለም። የፒያሳ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፤ ደህንነቶቹ ምሳ በልተው ከሆነ መኪናቸው ተነስቷል።

«የሆነ ነገር ደብቆ ይሆን?» አለ እሸቴ፣ እያለከለከ።

«ቢደብቅ የት ይደብቃል?»

«እኔ ብሆን ከነፋሱ መጠለያ ነበር የምፈልገው። ለራሴ።»

ምብራት ፊቷን መለሰች። ለሊፍት ተብሎ የተተወው ጉድጓድ በሦስት ወገን ግድግዳ አለው። አፉ ላይ ተንበርክካ አየች። ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ከግድግዳው ከወጣ ፌሮ ላይ በጥቁር የጫማ ማሰሪያ የታሰረ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ትልቋ ጎታች ናት። ጠርዟ እንዳይውለበለብ ተሰብስቦ፣ መሃሏ አየር እንዲያገኝ ተከፍቷል።

እሸቴ በሆዱ ተኝቶ አወጣት። «እርጥብ ናት!» አለ። «ማለቴ ጫፏ ደርቋል፤ ስፌቱ ግን አሁንም ይረጥባል።»

ምብራት ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ሰርቆ የደበቀ ሰው ጠቅልሎ ይወረውራታል፣ ያቃጥላታል። ይህን ያደረገው ሰው ግን አስጥቷታል። ደርቃ ነገ እንድትሠራ የፈለገ ሰው ነው።»

«አብርሃ ራሱ?»

«ከእሱ በቀር ማን ወጣ?»

«ታዲያ ማን አረጠባት? ከጥምቀት ወዲህ እኮ ጠብ አላለም።»

ምብራት ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገችው። የጨርቁ መሃል ላይ ግራጫ ጭረት አይታለች፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ አግድም። በጣት የተቀባ ነው። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ አመድና እጣን። የማትሪክ ፈተና የወሰደች ለት ጠዋት እናቷ ግንባሯ ላይ የቀቧት ይኸው ነው። እምነት ይሉታል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የተባረከ አመድ።

«እሸቴ፣ ትናንት ስንት ነበር?»

«ሃያ ሦስት።» ዞር ብሎ በጣሪያዎቹ ላይ ወደሚታየው ወደ ጊዮርጊስ ጉልላት አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። «ኧረ ጉድ!»

*

ወይዘሮ ትብለጽ ከአግዳሚው አልተነሱም። ምብራት አጠገባቸው ተቀመጠችና ነጩን ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እጃቸውን ወደ ግራጫው መስቀል ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት።

«ቦርሳውን ይዘው ጊዮርጊስ ሄዱ» አለች ምብራት።

«አዝዬው ሄድሁ።» ድምፃቸው ተሰባበረ። «ኮሚቴው ጠርቶት ሲወጣ ጠብቄ። ጋቢ ደርቤበት፣ እሱን ልጅ ሳለ እንዳዘልሁት። ሰው ቢያየኝም የልጅ ልጇን አዝላ ነው ይላል። ቄሱ ጠበል ረጩልኝ። እኔ ግን ትንሽ መሰለኝ። ያቺን በእጁ የሚይዛትን አውጥቼ፣ በጠርሙስ ያመጣሁትን ጨመርሁባት። ጥግብ እስክትል ድረስ። እምነቱን ቀባኋት፣ አጥፌም መለስኋት። ከፎቅ እኮ ነው የሚዘለው፣ ጓለይ! በረከቱን በምን ልቆጥብ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለማን ልንገር? ለመንግሥት? የበዓሉን ዕቃ ጠበል አስረጨች፣ ደግሞ የትግራይ ሰው ናት ቢሉ ልጄ ምን ይሆናል?» ነጠላቸውን ጨምድደው ያዙ። «እኔ ነኝ የጣልሁት። አይደለም?»

ምብራት ጨርቁን አጠፈችው። «ጨርቁን የሰፋችው ልጅ ለዚህ ነገር ታስራለች» አለች። «ዛሬ ደህንነቶች ይወስዷታል።»

አሮጊቷ እጃቸው ከነጠላው ላይ ወረደ። «ወርቄ? ምን አደረገች?»

የቀዶ ሕክምናው በር ተከፈተ። ዶክተሩ ማስኩን አውልቆ፣ «ይተርፋል» አለ። «እግሩ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሄዳል። ነቅቷል፤ ለሁለት ደቂቃ አንድ ሰው ብቻ።»

ምብራት ከእናት ቀድማ ገባች። በሌላ ቀን ታፍር ነበር።

አብርሃ ከንፈሩ ደርቋል። ጨርቁን እጇ ላይ ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን አረጠባት?» አለችው።

«እኔ። ውሃ ደፍቼባት።»

«እናትህ ነግረውኛል። አትድከም።»

ዓይኑን ገለጠ። «እላይ ወጥቼ ኪሱን ስከፍተው ነው ያየሁት። አመዱን ሳይ ገባኝ።»

«ለምን አልተውኸውም?»

«ምን ብዬ? ኮሚቴው ከታች ተደርድሯል። ረጠበች ብል ‹ማን አረጠባት?› ይሉኛል። አንቺ ራስሽ ጠየቅሽኝ እኮ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እርጥብ ጨርቅ ይጣበቃል፤ ብወረውራት እንደ ድንጋይ ወርዳ ላትከፈት ትችላለች። ትንሿ ትዘገያለች፤ ግን ደረቅ ናት። ሮጬ ከዘለልሁ ትደርስልኛለች ብዬ መረጥኋት። በትንሽ ነው የሳትሁት።»

«በአንድ ቆርቆሮ።»

ሊስቅ ሲል ጎድኑ ያዘው። «ወርቅአፈራሁ እንዳታይ ሸሽጊው። ያን ሁሉ ሰፍታ ሳልዘልባት ቀረሁ።»

«ታስራለች። ልትገድልህ ሞከረች የሚሏት እሷን ነው።»

አብርሃ ብድግ ለማለት ሞከረ። ነርሷ ጮኸች። ምብራት በሩን ስትዘጋ፣ «መቶ አለቃ! እኔ ነኝ የመረጥሁት በያቸው! እኔ ነኝ!» ሲል ይሰማታል።

*

ሻለቃ አባይነህ ቆሞ አዳመጣት። ስትጨርስ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ዘላዩ እርጥብ ሆና አገኛት፣ በራሱ ምርጫ በትንሿ ዘለለ። የእሱን ቃልም ይዘሻል። ማን አረጠባት?»

«ውሃ ነው፣ ጓድ ሻለቃ።»

«የማን ውሃ?»

«ቤት ውስጥ የፈሰሰ ውሃ። ሰው ቤት ውሃ ይፈሳል።»

«አትቀልጂብኝ። የቀረ ነገር አለ።»

ምብራት ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «አሻጥር ነው ብለን ካስረከብናት፣ ደህንነቶቹ ቀጥለው አሻጥረኛው እንዴት ሊገባ ቻለ ይላሉ። ቦርሳው ከክበቡ ሲወጣ ጠባቂ ማን መደበ? ፎቁ ላይ ያደረ ዘበኛ የማን ነው? የበዓሉ ጥበቃ ኃላፊ ማን ነበር?»

ኃላፊው ራሱ ሻለቃ አባይነህ ነበር። ከግቢው የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሁለቱም ወደ መስኮቱ አላዩም።

«የመሣሪያ አመራረጥ ስህተት ከሆነ ግን» አለች ምብራት፣ «ዘላዩ ተርፏል፣ ለሜይ ዴይም ሐዱሽ አለ። ትልቋ ጎታችም ደርቃለች።»

ሻለቃው ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ አጠለቀ። «እኔ ወርጄ እመልሳቸዋለሁ። ሪፖርቱ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ልጅቷን አስወጫት።»

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «እናቴ አዲስ መኪና ስገዛ ምን እንዳደረገችበት ብነግርሽ...» አለና ሳይጨርሰው ወጣ።

*

ወርቅአፈራሁ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ከምብራት ጋር የጣቢያውን በር ስታልፍ ወይዘሮ ትብለጽ ከውይይት ታክሲ ወርደው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀው ወደ ዘበኛው ሲያመሩ ተገጣጠሙ። በአንድ እጃቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘዋል። ሊታሰሩ ነው የመጡት።

«እኔን አስገቡኝ!» አሉ ከሩቅ። «እሷ ምንም አታውቅም! እኔ ነኝ...»

ምብራት ሮጣ ክንዳቸውን ያዘችና በትግርኛ በጆሯቸው ዝም እንዲሉ ነገረቻቸው። ሻለቃው ግቢው ውስጥ ሰዎቹን ሲሸኝ ይሰማል። «ተለቃለች፣ እማማ። አለቀ። አንድ ቃል እንዳይወጣዎ።»

ለመታሰር ልባቸውን አጠንክረው የመጡት ሴትዮ ብርድ ልብሱን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እሸቴ ሆስፒታል ሊወስዳቸው ወዳቆመው ላንድሮቨር አመሩ። እዚያም ወርቅአፈራሁ ፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ተክለው፣ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገሯት። ቦርሳውን፣ ጊዮርጊስን፣ ጠርሙሱን።

«በኔ የተነሳ ነው የታሰርሽው» አሉ። «ስደቢኝ።»

ወርቅአፈራሁ ረዘም አድርጋ አየቻቸው። ምብራት ጣልቃ ልትገባ ዳዳትና ተወችው።

«ከተሰፋ በኋላ ጠበል ይደፋበታል?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ናይለን እኮ ስፌቱ ውስጥ ውሃ ይይዛል። ጨርቁን ገና ሳልቆርጠው ቢያመጡልኝ ኖሮ አስረጭተን፣ አስጥተን፣ ሲደርቅ እሰፋው ነበር። ለሌላ ጊዜ አስቀድመው ያምጡት።»

«ሌላ ጊዜ?» ወይዘሮ ትብለጽ ብርድ ልብሱ ከእጃቸው አመለጠ። «ምን ሌላ ጊዜ አለው? ዳግመኛ ከወንበር ላይ አይዘልም!»

«እርስዎ ነዎት የሚከለክሉት?»

«ታዲያ አንቺ ልትፈቅጂለት ነው?»

እሸቴ የኋላውን በር ከፈተላቸው። እየተጨቃጨቁ ገቡ፤ ላንድሮቨሩ ወደ ሆስፒታሉ ሲታጠፍም ጭቅጭቃቸው ገና አላለቀም ነበር።